የዶቅማ ውሃ ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ፣ ጥር 22 ቀን 1999። ከጠዋቱ 3፡30፣ ቢሮ

ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ እየገለበጥኩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ። ካርቦን አልቋል፤ ሦስቱንም ቅጂ በእጄ። ጣቴ ደንዝዟል።

ትናንት አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ገበሬው ሥራ አይነካም፣ ስለዚህ ስብሰባውን በዚያ ቀን ጠራነው። በሥራ ቀን ብንጠራ ማን ይመጣል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ዶቅማ ውሃ ማርያም ቅጥር ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር። የወረዳው ግብርና ጽ/ቤታችን ኃላፊ አቶ ምንይችል ሰበሰበ፣ እኔ የደን ባለሙያው ጸሐፊ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አቶ ም. ይበቃዋል።)

አጀንዳ አንድ፦ የዶቅማ ውሃ ደን ታችኛው ወገን ለባለሀብት ይሰጥ። ዛፉ ይነሣል፣ መሬቱ ላይ ዘር በቆሎ ይዘራል። አጀንዳ ሁለት የለም።

ውሳኔ፦ «ነዋሪው ሐሳቡ ደንበኛ መሆኑን ገልጾ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።» እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ሕዝቡ ከሥር ፈርሟል፣ ያልተማረው አሻራውን አድርጓል። የእጅ ጽሑፌ ዛሬ ያምራል። ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

ደብተሬ፣ ስለ ትናንቱ ሌላ የምነግርህ የለኝም። አለቀ።

ሐሙስ፣ ጥር 24። ከቀኑ 8፡00

ሰጠሁት። አቶ ም. ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ ደገመው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። በሂስ የታነጸ ሰው እንዲህ ነው አለ።

ሂሱን አስታወሰኝ ሰውዬው! ኅዳር ላይ በተደረገው ግምገማ ግማሽ ቀን አቁመውኝ ነበር። ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ አይተከል ብዬ ስለተከራከርኩ ስሜ «ልማት አደናቃፊ» ሆነ። አብሬያቸው ምሳ የምበላ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሡ። አንዱማ በደንብ የማልስቅ መሆኔን ሳይቀር አነሣ። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ልቤ ድው ይላል።

ዛሬ ግን ሌላ ወሬ። የዝውውሬ ጉዳይ በዚህ ወር ውስጥ ይወጣል አለኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም! ባለቤቴ የሺ እዚያ መምህርት ናት። ተጋብተን ሁለት ዓመት፣ አንድ ቤት ያደርንባቸው ቀኖች ግን የቅዳሜና የእሑድ ብቻ። አሁን ደግሞ አምስተኛ ወሯ ነው።

ቴሌ ሄጄ ት/ቤቷ ደወልኩ። አስጠሩልኝ። ስነግራት እልል አለች፣ የመምህራን ክፍሉ ሰው ሁሉ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔም ሳቅሁ። ከቴሌ ስወጣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ምሳ ስላልበላሁ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 26። ፍ/ሰላም፣ ከሰዓት በኋላ

የሺ ጓዳውን አጽድታ ለሕፃኑ ቦታ አዘጋጅታለች። ገና አራት ወር ይቀራል። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጥፋለች፣ ለብርድ ነው ትላለች። ደስታዋን ሳይ እኔም ደስ ይለኛል።

አቶ ም. እንዴት ልቡ ራራ ብላ ጠየቀች። ሥራ ስለሠራሁ አልኳት። ምን ሥራ? ስብሰባ። ስለ ዶቅማ ውሃው የኔታ ጥበቡ ጠየቀች፤ ሁልጊዜ ስለ እሳቸው ስለማወራላት። ደህና ናቸው አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ጋሪ ተራ ላይ አንድ ፈረስ ወድቆ መንገድ ዘግቶ ነበር፤ የፈረሱን ታሪክ ከሚገባው በላይ አስረዘምኩት። የሺ አየችኝ። መምህር ናት፣ ያላጠና ተማሪ ታውቃለች።

ሰኞ፣ ጥር 28። ጠዋት 1፡00፣ ከቤት ሳልወጣ

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሺ ደብተሬ፣ እንነጋገር።

በዚያ ስብሰባ አቶ ም. ተናግሮ ሲጨርስ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከጎኑ፣ ሚሊሻው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ። እንዲህ ባለ ቦታ «አንሰጥም» ያለ ሰው ስሙ ይያዛል። ማዳበሪያ ሲታደል መጨረሻ የሚቆመው እሱ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ የኔታ ዞረ።

የኔታ ጥበቡ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ተነሡ። መቋሚያቸውን ተደገፉ። «እኛማ ምን እንላለን ጌታዬ፤ ነገሩስ ደንበኛ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሕዝቡ «ነው፣ ነው» አለ። ከኋላ አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። አቶ ም. አጨበጨበ።

ደንበኛ ነው። ትክክል ነው፣ ተገቢ ነው። ሰሙ ይሄ ነው። ቃሉን ለሁለት ስትከፍለው ግን «ደን በኛ ነው» ይላል። ደኑ በእጃችን ነው፣ እኛው እንጠብቀዋለን፣ ለማንም አሳልፈን አንሰጥም። ወርቁ ያ ነው። የኔታ «ደን» ላይ ትንሽ ረገጥ አድርገዋል፤ ላልሰለጠነ ጆሮ የጉሮሮ መጥራት ይመስላል።

እኔ ግን ሰልጥኛለሁ። ያውም በደንብ። ልጅ ሆኜ ወደ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም በኩል ቅኔ ቤት ገብቼ ጉባኤ ቃና የተባለውን የመጀመሪያውን ቅኔ እስክቆጥር ድረስ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ ነው ወደ አስኳላ የሸሸሁት። ይህን ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም። የኔታ ያውቃሉ። አንድ ቀን የችግኝ ጣቢያውን ለማየት ሄጄ በቃል ስንፈታተን ውለናል፤ አንድ ጊዜ ረትቻቸው ሳቁ፣ ልጄ አሉኝ።

እና ያን ቃል ሲሉ ያዩት አቶ ም.ን አልነበረም። እኔን ነው። ብዕር የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጆሮ ያለኝም እኔ ነኝ። ሰሙን ለሹሙ፣ ወርቁን ለጸሐፊው ሰጡ። ወዲያው ገባኝ። በዓይኔ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ ገብቶኛል ብዬ። ከዚያ አቀርቅሬ ሰሙን ጻፍኩ።

አልተሳሳትኩም። ይህን አንድ ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 7። ከሰዓት 10፡00፣ የዶቅማ ውሃ ሰፈር አፋፍ

ትእዛዝ መጣ። የሚነሡት ዛፎች በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው። ምልክት አድራጊ፦ እኔ። ዛሬ ቦታውን ለማየት በእግር ወጣሁ። ጾሙ ገብቷል፣ ሆዴ ባዶ፣ ፀሐዩ ይጋረፋል።

ከአፋፉ ስታየው ደኑ ጥቁር ነው። ዙሪያው ሁሉ የታጨደ ማሳና ቃሪያ የተለቀመበት መደብ፤ መሀል ላይ እሱ ብቻ። ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፤ ወንዙ ዳር ዶቅማ። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ያዩኛል። ደርግ ወድቆ ሕግ በጠፋባቸው ወራት ይህ ሁሉ ተጨፍጭፎ ነበር፤ ያኔ ምንጯም ደረቀች። ሴቱ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲሄድ ሰዉ ማርያም ላይ ተሰብስቦ ራሱ ሕግ አወጣ። ማንም አላዘዘውም። እርጥብ የቆረጠ ይወገዛል። ደረቅ እንጨት ቅዳሜ ብቻ። ጥበቃው በቤት በቤት ተራ ነው፤ አንድ የወይራ ዱላ አለች፣ ደጃፍህ ተደግፋ ካገኘሃት ያን ቀን ጠባቂው አንተ ነህ። ዛፉ ተመለሰ። ምንጯም ተመለሰች። እኛ ባለሙያዎቹ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሪፖርት ለመጻፍ።

ዛሬ ዱላዋ ወ/ሮ እማዋይሽ ጋ ናት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤታቸው ከደኑ ግርጌ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሡ። «ኧረግ! ቃላችንን ያደረስህልን ልጅ አንተ አይዶለህም? የኔታ ነግረውናል። ጽፎልናል፣ የገባው ሰው ነው ብለውናል» አሉኝ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። እሳቸው እኔን! ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው በሁለት እጄ አፈሰሱልኝ።

ቆሎውን ይዤ እዚህ ተቀምጫለሁ። አልበላሁትም፣ አልደፋሁትም።

ደብተሬ፣ እነዚህ ሰዎች እንቢ ያሉ መስሏቸዋል። እንቢታቸው ወረዳ የደረሰ መስሏቸዋል። ተመስገን እያሉ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 8። ጠዋት

ትናንት የኔታን ሳላገኝ ልመለስ ነበር። በአቋራጩ ስወርድ ተገጣጠምን። ሸሽቼ ነው በአቋራጭ የመጣሁት፣ እሳቸውም ሸክም ይዘው በአቋራጭ። መስቀላቸውን አወጡ፣ ተሳለምኩ። ጸሎት አደረጉልኝ። ሚስቴን በስሟ አንሥተው በሰላም ያገላግላት አሉ። አሜን አልኩ።

የዚያን ዕለት ቅኔ እንዴት ነበር ብለው ፈገግ አሉ። ተማሪ የሚጠይቅ መምህር ዓይነት። የመልሱን እግር እየፈለግሁ ሳለሁ ሰው መጣና ተለያየን። ምናለ በዚያች ደቂቃ ብናገር? ሁለታችን ብቻ ነበርን። ምንም ጠመንጃ የለም። ማን ነበር የሚያስፈራኝ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 13። ከሰዓት 9፡00

እጄ ቀይ ነው። በጋዝ አጠብኩት፣ ጥፍሬ ሥር ቀርቷል።

ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። አንድ ቆርቆሮ ቀለም፣ አንድ ብሩሽ። በደረት ቁመት፣ አንድ መዳፍ የምታህል ክብ። መጀመሪያው ፊት ብዙ ቆምኩ። አሥረኛው ፊት አልቆምኩም። ይህንንም ጻፈው።

እማዋይሽ መጡ። ተራቸው አይደለም፤ ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ነው። ምንድር ነው ይሄ አሉ። እዚህ ላይ፣ ደብተሬ፣ ዋሸሁ። ያውም ሳልደናቀፍ። ለቆጠራ ነው አልኩ። መንግሥት ዛፉን እንዲያውቀው፣ እንዳይጠፋ።

ደስ አላቸው። እየሮጡ ሄደው ሰው ጠሩ። አራት አምስት ሆነው መጡ፤ አንድ ሽማግሌ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ብለው አንዲት ጥቁር እንጨት አሳዩኝ፣ ይችንም ቀባልን አሉ። ቀባሁ። ከዚያ እማዋይሽ እጄን ይዘው ወደ ላይ ወሰዱኝ፣ ከምልክቱ መስመር ውጭ፣ ምንጯ አናት ላይ ወዳለችው ዝግባ። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋትም። ውሃዋ የሚፈልቀው ከሥሯ ነው። «ይችን ከረሳህማ ምኑን ቆጠርከው» አሉኝ። እየሳቁ።

መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምን ነበረበት! ከመስመሩ ውጭ ናት ብል፣ የምን መስመር ይሉኛል። እንቢ ብል ይጠረጥራሉ። ብሩሹን ነክሬ ቀባኋት። በደረት ቁመት፣ አንድ መዳፍ። ቆመው መረቁኝ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 15። 5፡00፣ ቢሮ

የዝውውር ደብዳቤዬ ወጣ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ስሜ ላይ የፊደል ስህተት እንኳ የለውም። ከመጋቢት 1 ጀምሮ ፍ/ሰላም።

አቶ ም. ሌላም ነገረኝ። ሞተር መጋዝ የያዙት ሰዎች ሰኞ፣ የካቲት 26 ይገባሉ። ቀይ ያለበትን ሁሉ ይጥላሉ። ሁሉንም? አልኩ። ቀይ ያለበትን ሁሉ አለ። ከዝርዝሩ ጋር አያስተያዩም? የምን ዝርዝር፣ ማንበብ የሚችሉ ይመስልሃል? ሳቀ።

ዝግባዋ።

የንስሐ አባቴ ልከውብኛል፣ ጾም ገብቶ አልመጣህም ብለው። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ መለስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 18። ፍ/ሰላም፣ ከቁርስ በኋላ

ለየሺ ነገርኳት። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው እስከ ዝግባዋ።

መጀመሪያ አለቀሰች። ለዛፉ አይደለም፤ ለደብዳቤው። ብቻዬን ልወልድ ነው አለች። እውነቷን ነው። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቀች። ሰዎቹ አውቀዋል? አላወቁም። መጋዙ መቼ ነው? ከሰኞ ሳምንት፣ ስምንት ቀን። ካንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን አለ? ማንም።

እንግዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ አለችኝ።

ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ እየተመለስኩ ነው፤ ይህን የምጽፈው መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ነው። ባጃጆቹ ጡሩምባቸው ጆሮ ይበጥሳል። ከጎኔ ያለው ሰው ምን ትጽፋለህ አለኝ። ስብሰባ አልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 19። 4፡00

አቶ ም. ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ቃ/ጉባኤው ይስተካከል አልኩ። ሰዎቹ እንቢ ነው ያሉት አልኩ።

አልተቆጣም። ያ ነው የገረመኝ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ እውነት ግራ ገብቶት አየኝ። ደንበኛ ነው አላሉም? አሉ። ሕዝቡስ ነው ነው አላለም? አለ። ታዲያ? ደን በኛ ማለታቸው ነው አልኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፉ አመላለሰው። ደንበኛ… ደን በኛ… ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። ጎበዝ ሽማግሌ አለ። ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ፣ እኔ ቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ እኔ የሰማሁት ደንበኛ ነው፤ አንተ ሌላ ከሰማህ ለምን ሌላ አልጻፍክም? አለኝ።

እስካሁን አቶ ም.ን ስረግም ከርሜአለሁ፤ ሰውዬው በዚህ ነገር ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው። የሰማውን ተቀበለ። የሰማሁትን የሸጥኩ እኔ።

ደብዳቤህን ይዘህ በሰላም ወደ ሚስትህ ሂድ አለኝ። እንደ ወንድም ነው የተናገረው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል፣ ሁሉም» አለ። ይበሉኝ። ጅቡ ገና አልሄደም፤ ሰባት ቀን አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 21። ከሰዓት 10፡30

የወሩ ማርያም። ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ነበር። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆየሁ። ሲወጡ፣ በሩ ላይ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ጠበቅኋቸው። በቁልቁለቱ ያገኘሁትን፣ ለጫንቃ የሚከብድ። አባቴ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አይቼዋለሁ፣ ሰው በድሎ። እኔ በዲፕሎማዬ ከዚህ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የማን ደም ፈሰሰ ብለው ደነገጡ። ቃ/ጉባኤውን ከኪሴ አወጣሁ። አንዱ እጄ ድንጋዩን ይዟል፣ ሌላው ወረቀቱን። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ቀኑን፣ አጀንዳውን፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን፣ የፈረሙበትን። ከዚያ ስለ ቀዩ ቀለም ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ። መቼ እንደሆነ።



ከዚያ እማዋይሽ፦ «ዝግባዋንስ?»

እሷንም አልኩ።

ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ለምነው ያስቀቡት እሳቸው ናቸው፤ በእኔ ጥፋት አሁን እሳቸው ያፍራሉ። ከዚህ ሁሉ ያ ነው የገደለኝ። ድንጋዩ ቀለለኝ፣ እሱን አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን።

የኔታ ቀረብ አሉ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፣ በመቱኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። «ጥፋቱ ከፊሉ የኔ ነው። ቅኔ ለሚሰማ ጆሮ ነው የሚሰጥ ብዬ፤ የሚሰማ ጆሮ የሚፈራ ልብ እንዳለው ረሳሁት» አሉ። ወደ ሕዝቡ ዞረው አሁንስ ያለ ቅኔ እንናገር አሉ። ያለ ሰም። ሊቀ መንበሩ እዚያው ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል። ደፍሮ የከለከለ የለም።

አንሰጥም። አንድ ቃል ነች። አንዱ አለ፣ ሌላው አለ፣ ሴቶቹ ከኋላ አሉ። ሊቀ መንበሩም መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ አለ።

ማን ይጻፈው ሲባል የኔታ ወደ እኔ ጠቆሙ። ጉርምርምታ ሆነ። ደግሞ እሱ? አሉ እማዋይሽ፤ ሐቃቸው ነው። የኔታ፦ እሱ ይጻፍ፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ፣ ሳላነበው ማንም አይፈርም። ከዚያ ድንጋዩን አውርድ አሉኝ። አውርድ ከተባለ ይቅር ተባልክ ማለት ነውና ልቤ ብድግ አለ። አዩብኝ። «ለመጻፍ ነው ያወረድከው። ይቅርታውን ወደ ፊት እናያለን» አሉ።

ጻፍኩ። መስመር በመስመር አነበቡት። ሁለት ቦታ አረሙኝ።

ስወርድ ሴቶቹ በእንስራ እበት ይዘው ወደ ደኑ ሲገቡ አየሁ። ቀዩን ሊለቀልቁት ነው። የዘይት ቀለም ነው፣ በእበት ሥር ይኖራል፣ ዝናብ ሲመጣ ይወጣል። አልነገርኳቸውም። ነገ ከየኔታና ከእማዋይሽ ጋር ፍ/ሰላም እንሄዳለን፣ ወደ ዞን።

ሐሙስ፣ የካቲት 22። 5፡40፣ ፍ/ሰላም፣ ዞን፣ ኮሪደር

ነገ በዓል ስለሆነ ቢሮው ጥድፊያ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር። የኔታና እማዋይሽ ውጭ፣ አግዳሚው ላይ። እማዋይሽ ከቡሬ ከተማ ማዶ አልፈው መጥተው አያውቁም፤ መኪናው አዙሯቸዋል፣ ግን ጫማቸውን ከእግራቸው ሳያወልቁ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

የያዘን ባለሙያ ደህና ሰው ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ቀበሌ፣ ሁለት ውሳኔ። ከሁለቱ የቱ ነው እውነቱ? ይኸኛው አልኩ። እንግዲያ የመጀመሪያው ምንድን ነው? በጽሑፍ ስጠኝ አለ።

ወረቀት ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአረዳድ ስህተት» ብለህ ጻፍ አለኝ። ቅኔ መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ በል፣ ማን ይፈርድብሃል። ማስጠንቀቂያ ቢሰጡህ ነው። ዝውውርህም አይነካም። እኛም አጣሪ ኮሚቴ እንልካለን።

ኮሚቴው መቼ ይሄዳል አልኩ። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ።

መጋዙስ? የመጀመሪያው ቃ/ጉባኤ እስኪሻር ድረስ የጸና ነው፣ ስህተት ተጣርቶ ነው የሚሻረው አለ። ዛሬውኑ የሚሻረው በምንድን ነው? አልኩ። ሐሰተኛ ሰነድ መሆኑን ያዘጋጀው ሰው ከመሰከረ አለ። ያን ጊዜ ከዚህ ሳልነሣ የመጋዙን እግድ አስፈርማለሁ። ግን አንተን ደግሞ ወደ ሕግ ክፍል ነው የምመራህ። አስብበት።

አስብበታለሁ እንዴ? አንድ ወር ሙሉ ሳስብበት ነው የኖርኩት።

የሺ የዕረፍት ሰዓቷ ላይ መጥታለች። ከእማዋይሽ አጠገብ ተቀምጣለች፣ በመስኮቱ ይታየኛል። የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ እማዋይሽ ግን ሆዷን አይተው የራሳቸውን ጋቢ አጥፈው ከጀርባዋ አደረጉላት። ማን እንደሆነች የነገራቸው የለም።

ጻፍኩ። «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው…» እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከዚያ እጄ በራሱ «በስህተት» ብሎ ጻፈ። አየኸው ደብተሬ? ዛሬም! ድንጋይ ተሸክሜ ባለቀስኩ ማግስት።

ሰረዝኩት። ሥርዝ ድልዝ አይፈቀድም ብሎ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ።

እንደገና። «ሕዝቡ እንቢ ማለቱን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ትርጉሙንም እያወቅሁ፣ ለራሴ ጥቅም ብዬ፣ ተስማምቷል ብዬ በሐሰት ጻፍኩ።» አነበብኩት። ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደሎቹ ተንጋደዋል። ፈረምኩ። ስሜን ሙሉውን፣ እስከ አያት።

በሩ ተከፈተ። እየጠሩኝ ነው። ልስጠውና